ማን መጣ? ማን ቆየ?

የታንክስጊቪንግ ምሽት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ነበርን። ዶሮ ወጡም ተርኪውም ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። የእህቴ ልጅ ግን ሁለቱንም አልነካም፤ ስልኩን እያየ ዝም ብሏል። ዕድሜው 17 ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ዘንድሮ ይጨርሳል። በቁመት እኔን በአንድ ጭንቅላት ይበልጠኛል፤ ከማን እንደወረሰው እስከ ዛሬ ያወቀ የለም።

«ምን ሆኖ ነው?» ብዬ እህቴን ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለት ኮሌጆች ለቅርጫት ኳስ ፈልገውታል፤ መምረጥ አቃተው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? እስቲ ቁጭ በልና አስላለት» አለች።

በእኛ ቤተሰብ ሶፍትዌር ኢንጂነር መሆን ማለት ይሄ ነው። ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ሲቆረጥ፣ የልጅ ዕድል ሲወሰን የምጠራው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ነው፤ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን ስኮላርሺፕ አይሰጠውም። «ና፣ ከቡድኑ ጋር ተለማመድ፤ ቦታ ከተገኘ ትጫወታለህ» ነው ያሉት። ሁለተኛው ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። አሠልጣኙም ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ መጥቶ ልጁ ሲጫወት ተመልክቷል።

አባቱ ወዲያው ወሰነ፤ «ትምህርቱን የሚከፍለው ይሻላል፤ ምን ጥያቄ አለው?» ልጁ ግን የራሱ ሒሳብ ነበረው። «አጎቴ፣ ትልቁ ጋ ገብቼ ካላጫወቱኝ በትራንስፈር ፖርታል እወጣለሁ። ትንሹ ጋ ከገባሁ ደግሞ አንድ ዓመት ጥሩ ተጫውቼ ወደ ትልቅ እሄዳለሁ» አለኝ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ዕቅዶች የሚያልቁት በመውጣት ነው። ገና ሳይገባ በሩን እያየ ነበር።

አልፈረድኩበትም። ይህን ያስተማረው ጨዋታው ራሱ ነው።

ጉዳዩን ለማታውቁት ትንሽ ላብራራ። በአሜሪካ በከፍተኛው ምድብ ብቻ ከ360 በላይ የዩኒቨርሲቲ የወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች አሉ። በየዓመቱ በማርች ወር 68ቱ በጥሎ ማለፍ ይወዳደራሉ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች የሚገናኙበት መድረክ ፋይናል ፎር ይባላል። ድሮ አንድ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ከቀየረ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። በ2018 ትራንስፈር ፖርታል ተከፈተ። ስሙ ያስፈራል እንጂ፣ ሙያዬ ስለሆነ ልንገራችሁ፣ ነገሩ የስም ዝርዝር ነው። ተጫዋቹ «ልሄድ ነው» ሲል ዩኒቨርሲቲው ስሙን ያስገባል፤ ከዚያ ሌሎች አሠልጣኞች ሊያነጋግሩት ይችላሉ። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዛወር ተጫዋች መቀመጡ ቀረለት። በ2024 ደግሞ ትምህርቱን በደንብ እስከተከታተለ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር ተፈቀደ።

ገንዘቡም በዚሁ መሀል መጣ። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ በር ከፈተ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለስፖርቶቹ ሁሉ፣ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

«ድሮ ጥሩ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ድሮ አሠልጣኙ በሚሊዮን እየተከፈለው በፈለገ ጊዜ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፣ እሱን ብሎ የመጣው የ19 ዓመት ልጅ ግን ልከተለው ቢል አንድ ዓመት ይቀጣ ነበር። ይሄ ታማኝነት አይባልም፤ መታሰር ነው።

ያን ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ «ማን መጣ?» እና «ማን ቆየ?»። ልጁ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ሪክሩቲንግ በአማርኛ ምንድን ነው?» አለኝ። «ምልመላ» አልኩት። «ሪቴንሽንስ?» «ማቆየት»። ሳቀ። እናቱ እራት ሲያመልጠው «አቆይቼልሃለሁ» የምትለውን አስታውሶ ነው። ቃሉ ያው ነው። ለአንድ ሰው ድርሻውን መጠበቅ ማለት ነው።

መጀመሪያ የጻፍነው ኬንታኪን ነው። ምልመላ ከተባለ አሠልጣኝ ጆን ካሊፓሪን የሚያክል ጥቂት ነው። ከ2006 ጀምሮ ማንም ልጅ 19 ዓመት ሳይሞላውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ካለቀ አንድ ዓመት ሳያልፍ ወደ ኤንቢኤ መግባት አይችልም። ካሊፓሪ ያችን አንዲት ዓመት ሸጠ። ወላጅ ቤት ገብቶ የሚናገረው ስለ አራት ዓመት ኮሌጅ አልነበረም፤ ልጃችሁን በአንድ ዓመት ኤንቢኤ አስገባዋለሁ የሚል ነበር። ቃሉንም ጠበቀ። በ2010 ከአንድ ቡድን አምስት ተጫዋቾች በኤንቢኤ ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ተወሰዱ። በ2012 በአንተኒ ዴቪስ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ስድስት ተጫዋቾች ተመረጡለት። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ሄዱ።

«ማን ቆየ?» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ኬንታኪ ከ68ቱ መሀል አልገባም፤ በሁለተኛ ደረጃው ውድድር ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ በሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲ 59 ለ 57 ተሸነፈ። ባለፈው ዓመት አገሩን ያንቀጠቀጠ ቡድን! በኋላ እንደገና ተነሥቷል፤ በ2015 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነው በዊስኮንሲን የተሸነፈው። ግን በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር ነበር። እኔ በሥራዬ እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት አይቻለሁ፤ ምርጥ ሰዎች ተሰብስበው፣ ማን የትኛውን ፋይል እንደጻፈ የሚያስታውስ አንድ ሰው ያጣ።

ቀጥሎ ፍሎሪዳን ጻፍን። ይሄኛውን ልጁ አያውቀውም፤ ሲሆን አልተወለደም። በ2006 ፍሎሪዳ ሻምፒዮን ሆነ። ጆአኪም ኖዋ፣ አል ሆርፎርድና ኮሪ ብሩወር ያኔውኑ ወደ ኤንቢኤ ቢሄዱ ሚሊዮኖች ይጠብቋቸው ነበር። ሦስቱም «እንመለሳለን» አሉ። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ተመልሰው በ2007 እንደገና ሻምፒዮን ሆኑ። ያኔ እንዲቆዩ ያደረጋቸው የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አልነበረም፤ መክፈል ክልክል ነበርና። አብረው መሆንን ወደውት ነበር።

ልጁ ወዲያው አቋረጠኝ። «ኖዋ ግን ስንተኛ ተመረጠ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2006 ብዙዎች ከሁሉም ቀድሞ ይመረጣል ብለው ነበር፤ በ2007 ዘጠነኛ ሆነ። መቆየት አስከፍሎታል። ይህን ከሰንጠረዡ ማውጣት አልፈለግኩም፤ ሰው ለቆየበት ነገር ዋጋ እንደከፈለ ካልነገርነው መክረነው አይደለም፣ ሸጠንለት ነው።

እዚህ ላይ አባቱ ከሶፋው ተነሥቶ መጣ። እስከዚያ የተኛ መስሎን ነበር። «2006 ካላችሁ ጆርጅ ሜሰንን የት ጣላችሁት?» አለ።

ጆርጅ ሜሰን ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2006 በምድቡ 11ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ገባና ሚሺጋን ስቴትን፣ ኖርዝ ካሮላይናንና ዊቺታ ስቴትን አሸነፈ። ከዚያ እዚሁ ዋሽንግተን ከኮኔክቲከት ጋር ገጠመ። ኮኔክቲከት በዚያው ዓመት በኤንቢኤ የሚመረጡ አምስት ተጫዋቾች ነበሩት፤ አራቱ በመጀመሪያው ዙር። ከጆርጅ ሜሰን አንድም አልተመረጠም። ግን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ 84 አሸንፎ ፋይናል ፎር ገባ። አምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች በሙሉ የሜሪላንድ ልጆች ነበሩ። ፎላሪን ካምፕቤል የዚሁ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ነው። ቶኒ ስኪን ሌጎስ ተወልዶ እዚህ ጎረቤት፣ ታኮማ ፓርክ ያደገ ነው። እንጀራ ከየማዕዘኑ በሚገዛበት ሰፈር ያደጉ ልጆች!

የልጁ አባት ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሦስት ተማሪዎች ጭኖ ፌርፋክስ ድረስ እንደወሰዳቸው፣ መንገዱን ሁሉ እንደዘፈኑ፣ ከሒሳቡ በላይ እንደሰጡት ነገረን። «አሜሪካ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ኳሱን ግን አላውቀውም ነበር» አለ። ልጁ ይህን ታሪክ ከአባቱ ሰምቶ አያውቅም ነበር። እኔም አልሰማሁም።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ጂም ላራኔጋ ይባላል። የእሱን መንገድ መከተል ስንጀምር ሰንጠረዡን ረሳነው። ትልልቆቹ የናቋቸውን የአካባቢ ልጆች መልምሎ፣ ለዓመታት አብረው አሳድጎ ነበር እዚያ የደረሰው። በ2011 እሱም ራሱ ወደ ማያሚ ሄደ። አሠልጣኝ ነውና ማንም አንድ ዓመት ተቀመጥ አላለውም። በማያሚ አዲሱን ዘመን ቀድሞ ተቀበለው። በ2022 ኒጀል ፓክ የሚባል ተጫዋች ከካንሳስ ስቴት ሲመጣ፣ አንድ የማያሚ ባለሀብት ለሁለት ዓመት 800 ሺህ ዶላርና መኪና እንደሚሰጠው በአደባባይ ተናገረ። በ2023 ማያሚ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይናል ፎር ገባ።

በዲሴምበር 2024፣ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ላራኔጋ በ75 ዓመቱ ሥራውን ተወ። ደክሞኛል አለ። ከፋይናል ፎር በኋላ ተጫዋቾቹን ሲሰበስብ ስምንቱ መሄድ እንደሚፈልጉ እንደነገሩትም ተናገረ። እዚህ አትወዱም ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ በጣም እንወዳለን አሉት። ግን ሌላ ቦታ የተሻለ ገንዘብ ነበር።

ልጁ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን ያድርጉ? አንተስ ሥራ ቀይረህ የለም?»

ቀይሬያለሁ። በ2014 ለማስተርስ ቨርጂኒያ መጣሁ፤ ስጨርስ ስድስት ሰው ያለው ትንሽ ኩባንያ ቀጠረኝ። አለቃዬ የጻፍኩትን ኮድ መስመር በመስመር ታነብልኝ ነበር። የማርመው ነገር ሲበዛ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ዓመት ከመንፈቅ እንደሠራሁ ትልቅ ኩባንያ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ደመወዝ ሰጠኝ። ስነግራት አልተቆጣችም። «ሂድ፤ ግን እዚያ ኮድህን ማን እንደሚያነብልህ ጠይቅ» አለችኝ። አልጠየቅኩም። ስምንት ወር የሠራሁበት ፕሮጀክት አንድ ሰኞ ጠዋት ተሰረዘ፤ ከቡድኑ ውጭ ምን እንደሠራን ያወቀ ሰው አልነበረም። በሙያዬ ሁለት ዓመት ያህል ባለሁበት ቆሜ ነበር።

ስህተት ነበር ግን አልልም። በዚያ ገንዘብ እናቴ አዲስ አበባ ቤቷን አድሳለች፤ የዓይኗ ቀዶ ሕክምናም ተከፍሏል። ስለዚህ አንድ ልጅ ገንዘብ ፈልጎ ሄደ ሲባል አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ልጁ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። የእናቴን ቤት ያውቀዋል፤ ያደሰው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር።

የዛሬዎቹን ቡድኖች ስናይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ፐርዱ በመቆየት የሚያምን ቡድን ነው። ዛክ ኢዲ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 የሚሆን የቶሮንቶ ልጅ ነው፤ ሲመለመል ከአገሪቱ 400 ምርጥ ልጆች ውስጥ አልቆጠሩትም። አራት ዓመት ቆየ። በ2023 ፐርዱ በመጀመሪያው ዙር በማይታወቅ ቡድን ተሸንፎ መሳለቂያ ሆነ። ኢዲ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ተመለሰና በ2024 ቡድኑን ለዋንጫ ጨዋታ አደረሰው። በኮኔክቲከት 75 ለ 60 ተሸነፉ። እሱ ግን ማንም ያላየው ልጅ ሆኖ መጥቶ፣ ዘጠነኛ ሆኖ ኤንቢኤ ገባ።

ሆኖም በ2025 ሻምፒዮን የሆነው ፍሎሪዳ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ያገኘው ከፖርታል ነው። ዋልተር ክሌይተን ከአዮና፣ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ መጡ። እኔም ፖርታል ቡድን ያፈርሳል ብዬ ልደመድም ስል እዚህ ላይ ቆምኩ። ልጁ ግን አንድ ነገር አየ። «ክሌይተን ከመጣ በኋላ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ሪቻርድ ሦስት» አለ። ዓምዱን ራሱ አስተካከለው። ፍሎሪዳ ያሸነፈው ሰው ስላመጣ ብቻ አልነበረም፤ ያመጣውንም አቆይቷል። ምልመላና ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ስምና ገንዘብ ይበቃል። ለሁለተኛው ልጁ ነገ ከዛሬ የተሻለ ተጫዋች እንደሚሆን በዓይኑ ማየት አለበት፤ ያን ካየ ስልኩ ቢጮህም ቶሎ አይነሣም።

አባቱ በመጨረሻ ስቴፍ ከሪን አመጣ። ሁሉም አባት ያመጣዋል። እውነት ነው፤ አባቱ የተጫወተበት ቨርጂኒያ ቴክ ያለ ስኮላርሺፕ ና ሲለው፣ ከሪ ትንሹን ዴቪድሰንን መረጠ። በ2008 ቡድኑን ለፋይናል ፎር አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ድረስ ይዞ ሄደ፤ ለሦስተኛ ዓመትም ተመለሰ። ከእኛ ልጅ ምርጫ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ልጁም ዓይኑ በራ። እኔ ግን አስቆምኳቸው። ከሪ አንድ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ገብተው ትንሽ ኮሌጅ የቀሩ፣ ተመርቀው ነርስ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ የሆኑ ብዙ ሺዎች ናቸው። ለእኛ የሚጠቅመን የእነሱ ታሪክ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚነግረን አሠልጣኙ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ልጁ ለትንሹ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ደወለ፤ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው ክፍት አደረገው። ስለ ጫማና ስለ መለያ ቁጥር ይጠይቃል ብዬ ነበር። «ከሦስት ዓመት በፊት የመለመሏቸው ልጆች ዛሬ የት ናቸው?» አለ።

አሠልጣኙ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አምስቱንም በየስማቸው ጠራቸው። ሁለቱ አሁንም እዚያው ናቸው። አንዱ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል፤ አሁንም ይደዋወላሉ። አንዱ ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት አቁሟል፤ ስኮላርሺፑ ግን አልተነካም፣ በግንቦት ይመረቃል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ያንን ልጅ እንደሚያጫውተው ቃል ገብቶለት እንዳላጫወተው፣ ልጁም ትምህርቱን ጭምር ትቶ እንደሄደ ነገረን።

እህቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። ልጁ በአማርኛ ሊነግራት ቃል ፈለገ። «አምስተኛው… ጠፋብኝ አለ፣ እማዬ» አላት።

እህቴ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። «ይህን በራሱ አፍ ነገረው?» አለች።

ለትልቁ ዩኒቨርሲቲም ደውሎ ያንኑ ጠየቀ። ያነጋገረው ረዳት አሠልጣኝ ትሑት ሰው ነበር፤ ሥራውን የጀመረው ግን ባለፈው በጋ ስለሆነ የድሮዎቹን ልጆች አያውቃቸውም። አጣርቼ እደውላለሁ ብሏል።

ልጁ ገና አልፈረመም። ቅዳሜ ትንሹን ዩኒቨርሲቲ ሊያይ ይሄዳል። አባቱ ይነዳል፤ እህቴ የዶርሙን ንጽሕና ትመረምራለች፤ እኔ ደግሞ ዋይፋዩን እንዳይ ታዝዣለሁ።